የሐሰት ጀግንነት በወንጀል ሊያስከስስ ይገባልን?

ጥያቄ፦ የሜሪላንዱ ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ያልዘመተ ሰው ዘምቻለሁ ቢል፣ ያልተሸለመም ሰው ኒሻን አለኝ ብሎ ቢናገር፣ ስለዚህ ንግግሩ ብቻ በወንጀል ሊጠየቅ ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ እንድንወያይ እፈልጋለሁ። ጥያቄውን የማነሣው በምኖርበት በአሜሪካ ሕግ አንጻር ነው፤ ምክንያቱም ጉዳዩ እዚህ አገር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ዳኞቹን የከፋፈለ ሆኖ ሳለ፣ በእኛ መካከል ግን ከሐሜት ያለፈ ውይይት ሲደረግበት አልሰማሁም።

መነሻ የሆነኝ በአካባቢያችን ያለ አንድ የመረዳጃ ማኅበር ያካሄደው ምርጫ ነው። ከዕጩዎቹ አንዱ በአሜሪካ ጦር ውስጥ እንዳገለገለ፣ ኢራቅ ላይ ቆስሎም ለቆሰሉ ወታደሮች የሚሰጠውን ፐርፕል ሃርት የተባለ ሜዳሊያ እንደተሸለመ ተናግሮ ራሱን አስተዋወቀ፤ ጉባኤው ተነሥቶ አጨበጨበለት፤ በሰፊ ድምፅም ተመረጠ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰውየው የጦር ሰፈር ደጃፍ ረግጦ እንደማያውቅ የሚያውቁት ሰዎች ተናገሩ፤ እርሱም አላስተባበለም። ቦታው ደመወዝ የለውም፤ ከማኅበሩ ገንዘብ ነክቷል የሚልም የለም። ያገኘው ነገር ቢኖር ጭብጨባና ወንበር ብቻ ነው።

ከአባላቱ ገሚሱ ለፖሊስ ይነገርበት ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ ውሸታም መሆን ነውር እንጂ ወንጀል አይደለም ይላል። የእኔ ሚዛን ወደ ቅጣቱ ያዘነብላል፤ ሆኖም "የሐሰት ወሬ ነዛህ" የሚል ክስ ሰውን ወኅኒ ሲያወርድ ባየንበት አገር ላደገ ሰው፣ መንግሥት እውነትና ሐሰትን እየለየ ይቅጣ ብሎ መፈረም ቀላል አይደለም። ሕጉን የምታውቁና በጦሩ ውስጥ ያለፋችሁ ሰዎች ሐሳባችሁን ብታካፍሉን ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ባለ ጥብቅና

የገለጹት ሁኔታ ለዚህ ጉዳይ ዋና ፍርድ መነሻ ከሆነው ታሪክ ጋር እጅግ ይቀራረባል። ዛቪየር አልቫሬዝ የተባለ ሰው በካሊፎርኒያ ስሪ ቫሊስ በተሰኘ የውኃ አስተዳደር ቦርድ ውስጥ በሕዝብ የተመረጠ አባል ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2007 በተደረገ ስብሰባ ላይ ራሱን ሲያስተዋውቅ፣ ለ25 ዓመታት በማሪን ጦር አገልግሎ በጡረታ እንደተገለለና በ1987 የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት፣ የክብር ሜዳሊያውን፣ እንደተቀበለ ተናገረ። በአንድ ሰው እጅ ደጋግሞ እንደቆሰለም ጨመረበት። ወታደር ሆኖ አያውቅም ነበር። ለዲትሮይት ሬድ ዊንግስ የበረዶ ሆኪ ተጫውቻለሁ፣ አንዲት የሜክሲኮ ተዋናይትም አግብቼ ነበር ይል እንደነበር በፍርዱ ላይ ሰፍሮ ይገኛል፤ በእኔ ግምት ይህ ሰው ከወንጀለኛ ይልቅ በሽተኛ ይመስላል።

በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው በ2005 የተረቀቀውና ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በዲሴምበር 2006 የፈረሙት ሕግ ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት ያልተሸለሙትን ሜዳሊያ ተሸልሜአለሁ ማለት ብቻውን እስከ ስድስት ወር ያሳስራል፤ የተጠቀሰው የክብር ሜዳሊያው ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት ይደርሳል። ተናጋሪው ምን ፈልጎ ተናገረ፣ ማንንስ ጎዳ የሚሉት ጥያቄዎች በሕጉ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። አልቫሬዝ ይግባኝ የማለት መብቱን አስጠብቆ ጥፋቱን አመነ፤ በ5,000 ዶላር መቀጮ፣ በሦስት ዓመት ገደብና በ416 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲቀጣም ተወሰነበት።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 28 ቀን 2012 በስድስት ድምፅ ለሦስት ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ። ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ግን ስድስቱ ዳኞች በአንድ ምክንያት አለመስማማታቸው ነው። አንቶኒ ኬኔዲና ከእርሳቸው ጋር የተስማሙ ሦስት ዳኞች፣ አንድ ንግግር ሐሰት መሆኑ ብቻውን ከመናገር ነጻነት ጥበቃ ውጭ አያደርገውም አሉ። ሐሰት የሚያስቀጣው በማጭበርበር፣ በስም ማጥፋት፣ በፍርድ ቤት በሐሰት በመመስከር ወይም የመንግሥት ሹም ነኝ ብሎ በመቅረብ እንደሚሆነው ሁሉ ሌላ ጉዳት አብሮት ሲኖር ነው፤ ሐሰት በመሆኑ ብቻ ይቀጣ ከተባለ፣ መንግሥት በየትኞቹ ርእሰ ጉዳዮች ላይ መዋሸት እንደሚያስቀጣ ዝርዝር ቢያወጣ የሚያግደው ነገር አይኖርም። የውሸት መድኃኒቱ እውነቱን መናገር ነው፤ አልቫሬዝም ክስ ሳይጠብቅ በሕዝብ ዘንድ መሳቂያ ሆኗል። የተሸላሚዎቹ ስም ዝርዝር በመረጃ ቋት ለሕዝብ ክፍት ቢሆን ውሸታሙን ማጋለጥ ለማንም ቀላል ይሆናል ብለው ነበር፤ መከላከያ ሚኒስቴሩም በወሩ እንዲህ ያለ ድረ ገጽ ከፈተ።

ስቲቨን ብራየርና ኤሌና ኬገን ደግሞ ያን ያህል ርቀው አልሄዱም። የእነርሱ ቅሬታ ሕጉ መጠን የለሽ በመሆኑ ላይ ነው፤ በቤተሰብ ጨዋታም ሆነ በመጠጥ ቤት ሞቅታ የተነገረውን ሁሉ የሚይዝ ስለሆነ፣ ጉዳትን የሚጠይቅ ጠበብ ያለ ሕግ ቢወጣ ሊጸና እንደሚችል ጠቆሙ። ኮንግረሱም ይህንኑ ተከትሎ አዲስ ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ኦባማ ጁን 3 ቀን 2013 ፈረሙት። ዛሬ የሚያስቀጣው ገንዘብ፣ ንብረት ወይም ሌላ ተጨባጭ ጥቅም ለማግኘት አስቦ በሕጉ ከተዘረዘሩት ሽልማቶች አንዱን ተቀብያለሁ ብሎ ማታለል ነው፤ ቅጣቱም እስከ አንድ ዓመት እስራት ሊሆን ይችላል። ፐርፕል ሃርት በዝርዝሩ ውስጥ አለ። ሽልማት ሳይጠራ "ወታደር ነበርኩ" ብቻ ያለ ሰው ግን በዚህ ሕግ አይያዝም።

እኔ ይህን ድንበር ትክክለኛ ነው እላለሁ። እርስዎ የጠቀሱት ስጋት የምናብ አይደለም፤ በአገራችን የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመቆጣጠር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ያነበበ ሰው፣ "ሐሰት" የሚለው ቃል በወንጀል ሕግ ውስጥ ሲገባ ጥያቄው ሁልጊዜ "በማን ሚዛን?" የሚል መሆኑን ያውቃል።

መልስ፦ የቀድሞ ሳጅን

ከባለ ጥብቅናው ጋር በሕጉ አተረጓጎም አልከራከርም፤ በፍርዱ ጥበብ ላይ ግን እለያለሁ። በአሜሪካ ምድር ጦር አገልግያለሁ፤ አፍጋኒስታንም ዘምቻለሁ። ከእኛ ክፍል ፐርፕል ሃርት የተቀበለ ጓደኛችን እግሩን እዚያው ትቶ የመጣ ነው፤ ስለ ሜዳሊያው ሲጠየቅ ርእስ ይቀይራል።

በአንድ የቀድሞ ወታደሮች ቀን ሰልፍ ላይ ጎልማሳ ሰው ሙሉ የደንብ ልብስ ለብሶ ከልጆች ጋር ፎቶግራፍ ሲነሣ አየሁ። በደረቱ ላይ ፐርፕል ሃርቱን ብሮንዝ ስታር ከተባለው ሜዳሊያ አስቀድሞ ሰክቶታል፤ ሪባኖች በማዕረግ ቅደም ተከተል እንደሚደረደሩና ብሮንዝ ስታር ቀዳሚ እንደሆነ ማንኛውም ወታደር ያውቃል። የትኛው ክፍል ውስጥ እንደነበረ በትሕትና ጠየቅሁት። "ምስጢር ነው" አለኝና ወደ ሌላ ወገን ሄደ። እነዚያ ልጆች እቤታቸው ይዘውት የሄዱት ፎቶግራፍ የጀግና ፎቶግራፍ ነው። ማን ዶላር ከሰረ? ማንም። ጉዳት የለም ማለት ግን አይቻልም።

በፍርዱ ላይ በልዩነት የቆሙት ሦስቱ ዳኞች፣ ሳሙኤል አሊቶ፣ አንቶኒን ስካሊያና ክላረንስ ቶማስ ይህን አስተውለዋል። አሊቶ የጠቀሱት ምሳሌ ስለ ንግድ ምልክት ነው፤ አስመስሎ የተሠራ ውድ ሰዓት ገበያውን ሲሞላ የእውነተኛው ሰዓት ባለቤት ከእጁ ምንም ሳይወሰድበት የሰዓቱ ክብር እንደሚረክስ ሁሉ፣ ሜዳሊያም በየደረቱ ሲንጠለጠል ለተገባው ሰው የሚናገርለት ነገር ያንሳል። ሐሳቡ አዲስም አይደለም። ጆርጅ ዋሽንግተን በኦገስት 1782 ለተራ ወታደሮች የጀግንነት ምልክት ሲያቋቁም፣ ሳይገባው ምልክቱን የሚያደርግ ሰው በብርቱ እንዲቀጣ በዚያው ትእዛዝ ላይ አስፍሯል።

"መድኃኒቱ እውነቱን መናገር ነው" የሚለውን በወረቀት ላይ እቀበለዋለሁ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባል የለ? ነገር ግን እውነቱን የሚናገረው ማነው? ሕጉ እጁን ሲሰበስብ ሥራውን የተረከቡት ካሜራ ይዘው በየገበያ አዳራሹ የሚዞሩ ሰዎች ናቸው። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ያስቆማሉ፣ በሰው ፊት ይመረምራሉ፣ ያዋርዳሉ፣ ቪዲዮውንም በኢንተርኔት ይለጥፋሉ። በዚህ ሁኔታ ሐሰተኛ ተብለው የተዋረዱ እውነተኛ የቀድሞ ወታደሮችም አሉ። መቀጮ ብቻ ያለበት ቀላል የደንብ መተላለፍ ሆኖ፣ ዐቃቤ ሕግ አጣርቶ የሚከስበት ሥርዓት ቢኖር ከዚህ የአደባባይ ፍርድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። እስራቱ ይቅር።

መልስ፦ ወለተ ቃኘው

የሳጅኑ ቁጭት ይገባኛል፤ ነገር ግን የሁላችሁም ክርክር መዝገብ እውነቱን ያውቃል ከሚል ግምት ይነሣል። እኔ ያደግሁበት ቤት ይህን ግምት እንድቀበል አይፈቅድልኝም።

አባቴ በ1951 እ.ኤ.አ. ወደ ኮሪያ ከተጓዘው ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ዘምቷል። ሻለቃው በአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተመድቦ ሲዋጋ እንደነበር ታሪክ መዝግቦታል። ደርግ ከመጣ በኋላ ግን ከኮሙኒስቶች ጋር የተዋጋ ወታደር መሆን የሚያኮራ ነገር አልነበረም። እናቴ የምስክር ወረቀቱንና ሜዳሊያውን በላስቲክ ጠቅልላ ከጤፍ ጆንያ ሥር ቀበረችው፤ የዝናብ ውኃ ገብቶ ወረቀቱ እርስ በርሱ ተጣብቆ ቀለሙ ጠፋ። አባቴ ለዓመታት "ወታደር አልነበርኩም" ሲል ኖረ። እርሱም ስለ ውትድርናው የዋሸ ሰው ነው፤ ውሸቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሆነ ብቻ ማንም ሊከሰው አላሰበም። በኋላ አፍንጮ በር ላይ ለዘማቾቹ መታሰቢያ ሲቆም፣ የኮሪያም ሰዎች ዘማቾችንና ልጆቻቸውን መርዳት ሲጀምሩ፣ ጓደኞቹ መጥተው ባይመሰክሩለት ኖሮ በእጁ የሚያሳየው የተጣበቀ ወረቀት ብቻ ነበር።

አሜሪካም ከዚህ የተለየች አይደለችም። ጁላይ 12 ቀን 1973 በሴንት ሉዊስ የወታደሮች መዝገብ ቤት በተነሣው ቃጠሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ ፋይሎች ጠፍተዋል፤ ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶችና ከኮሪያ ዘማቾች ብዙዎቹ መረጃቸው በዚያ ነበር። ስለ ክብር ሜዳሊያው መዝገብም ካነሣን፣ በርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ለ27ኛው የሜይን ግዛት ሬጅመንት 864 ሜዳሊያዎች የተሰጡት አገልግሎትን ለማራዘም በተገባ ቃል ምክንያት ነበር፤ በ1917 ጦሩ ራሱ መርምሮ እነዚህን ጨምሮ 911 ስሞችን ሰረዘ። ከተሰረዙት መካከል ሐኪሟ ሜሪ ዎከር ነበረች፤ ሜዳሊያዋን ግን እስክትሞት አድርጋዋለች፤ በ1977 ስሟ ተመለሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ በጦርነቱ ዘመን የክብር ሜዳሊያውን የተቀበለ አንድም ጥቁር ወታደር አልነበረም፤ ሰባት ሰዎች የተሸለሙት በጃንዋሪ 1997 ነው፤ በሕይወት ቆይቶ በእጁ የተቀበለው ቨርነን ቤከር ብቻ ነበር። ከዚያ ዕለት በፊት መዝገቡን አይቶ ጀግናውን የሚለይ ሰው ምን ሊል ኖሯል?

አያቶቻችን ጀግናን በመዝገብ አልለዩም። ፎካሪው ግዳዩን የሚቆጥረው በዚያው ሰልፍ አብረውት በዋሉ ሰዎች ፊት ስለነበር፣ ያልሠራውን ቢያነሣ እዚያው የሚያሳፍረው አያጣም ነበር። ይህ በከተማ ኑሮ ሊደገም እንደማይችል አውቃለሁ፤ በዐቃቤ ሕግ መተካቱን ግን አልደግፍም።

መልስ፦ የቀድሞ ሳጅን

እኅቴ፣ የአባትሽን ታሪክ በአክብሮት ነው ያነበብሁት። ነገር ግን በወንጀል ክስ የማስረዳት ሸክም የከሳሽ ነው። ዐቃቤ ሕግ የተባለው ነገር ሐሰት መሆኑን፣ ተከሳሹም ሐሰትነቱን እያወቀ መናገሩን ከጥርጣሬ በጸዳ ሁኔታ ማስረዳት አለበት። ወረቀቱ የጠፋበት ዘማች በእንዲህ ያለ ሕግ አይፈረድበትም፤ መዝገብ መጉደሉ የሚጎዳው ከሳሹን ነው።

መልስ፦ ወለተ ቃኘው

አይፈረድበትም፤ ይከሰሳል ግን። በሰማንያ ዓመቱ ጠበቃ ሲፈልግ መታየቱ ራሱ ቅጣት ነው።

መልስ፦ ከለንደን

ከሌሎች አገሮች ልምድ ጥቂት ልጨምር። በብሪታንያ ያልተሸለሙትን ሜዳሊያ ማድረግ በ1955ቱ የጦር ኃይል ሕግ የተከለከለ ነበር፤ በ2006 የወጣው አዲሱ ሕግ ግን ያን ድንጋጌ አስቀረው። በ2016 ክልከላውን ለመመለስ ረቂቅ ቀርቦ፣ በተከታዩ ዓመት ፓርላማው ለምርጫ ሲበተን ሳይጸድቅ ቀረ። ዛሬ በሐሰተኛ ሜዳሊያ ገንዘብ የወሰደ ሰው የሚጠየቀው እንደማንኛውም አጭበርባሪ ነው። ካናዳ በአንጻሩ ክልከላውን በወንጀል ሕጓ በአንቀጽ 419 ይዛ ቆይታለች፤ ካናዳም በዚህ ምክንያት ወደ አምባገነንነት ስትንሸራተት አላየንም። ስለዚህ "አንድ ጊዜ ከተፈቀደ መመለሻ የለውም" የሚለው የአሜሪካኖቹ ስጋት በመጠኑ የተጋነነ ይመስለኛል።

ሕግ አውጪ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር ግን አለ። እዚህ በኅዳር ወር በሚደረገው የመታሰቢያ ቀን የሟች አባታቸውን ወይም አያታቸውን ሜዳሊያ አድርገው የሚወጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የራሳቸው እንዳልሆነ ለማሳየት በቀኝ ደረታቸው ላይ ይሰኩታል። ይህን ልማድ የማያውቅ ፖሊስ በአንዲት ወጣት ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማሰብ ነው።

መልስ፦ የሜሪላንዱ ነዋሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለባለ ጥብቅናው አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። በ2013ቱ ሕግ "ተጨባጭ ጥቅም" የተባለው የእኛን ሰው ወንበር ይጨምራልን? ደመወዝ ባይኖረውም፣ የማኅበሩን ቼክ የሚፈርመው እርሱ ነው።

መልስ፦ ባለ ጥብቅና

ሕጉ "ተጨባጭ" የሚለውን ያስገባው ጭብጨባንና አድናቆትን ለማስቀረት ነው። ክፍያ የሌለው ወንበር በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ከሳሽ ቢሆኑ፣ ወንበሩ በማኅበሩ ገንዘብ ላይ የማዘዝ ሥልጣን ስለሚሰጥ ተጨባጭ ነው ብለው ይከራከራሉ፤ ተከላካይ ጠበቃ ደግሞ በፈቃደኝነት የሚሰጥ አገልግሎት ጥቅም ሳይሆን ሸክም ነው ይላል። የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ገንዘብ ያልጎደለበትን የመረዳጃ ማኅበር ምርጫ ይዞ ፍርድ ቤት ይቀርባል ብዬ ግን አልገምትም። ተሸልሜአለሁ ባለው ሜዳሊያ ስም መዋጮ ሰብስቦ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር።

ሳጅኑ ያሉትን የመቀጮ ሐሳብ በተመለከተ፣ ማሰሩ ቀርቶ መቀጮ ብቻ ቢሆንም የኬኔዲን ክርክር የሚያልፍ አይመስለኝም፤ ንግግሩን የሚነካ እስከሆነ ድረስ የቅጣቱ ማነስ ለእነርሱ ዋና ነገር አልነበረም። ሜዳሊያውን በደረት ላይ ማድረግን እንኳ የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2016 እንደ ንግግር ቆጥሮ በቀድሞው ሕግ ተፈርዶበት የነበረን ሰው ነጻ አውጥቶታል።

ለእርስዎ ማኅበር የሚበጀው መንገድ የወንጀል ሕጉ ሳይሆን መተዳደሪያ ደንባችሁ ነው። ዕጩ ሆኖ ለመቅረብ በሐሰት ስለ ራሱ የተናገረ ሰው በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይነሣል የሚል አንቀጽ ማስገባት የማንንም የመናገር ነጻነት አይነካም፤ ማኅበር መንግሥት አይደለምና። በውትድርና አገልግሎቱ ድምፅ የሚጠይቅ ዕጩ ካለ፣ ከጦሩ ሲሰናበት የተሰጠውን ዲዲ 214 የተባለውን ወረቀት ያምጣ፤ የተቀበላቸው ሽልማቶች በዚያ ላይ ተዘርዝረዋል። አላመጣም ካለ ደግሞ የአገልግሎት ዘመኑን፣ ማዕረጉንና ሽልማቶቹን ከሴንት ሉዊስ መዝገብ ቤት በቅጽ 180 መጠየቅ ይቻላል፤ እነዚህ መረጃዎች ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ የሚሰጡ ናቸው። መልሱ እስኪመጣ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል፣ ጥያቄውን ከምርጫው በፊት አስቀድማችሁ ላኩት።